የእሑድ ሰላጣ

አቼቶ ሸተተኝ። ሽታው የመጣው ከታች ከከድጃ ሱቅ ነው። ጠርሙስ ወድቆ ተሰብሮባት ኖሮ ደረጃው በሙሉ፣ እስከ እኛ አራተኛ ፎቅ ድረስ፣ አቼቶ አቼቶ ይላል። ሌላ ቀን ቢሆን በሬን ዘግቼ ጋደም እል ነበር። ባለቤቴ ማርቆስ ከሞተ ዛሬ ዓመት ሞላው። ልጄ ሰላም ትናንት ደውላ «ማሚ፣ ነገ ከቸርች በኋላ እመጣለሁ፣ ምሳ አብረን እንበላለን» ስትለኝ ቀኑን ረስቼው ነበር ማለት አልችልም፤ አስታውሼው ነበር ማለትም አልችልም። ዓመቱ እንዳለ እንደ አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ ነው ያለፈው። እንጀራ በሽሮ እበላለሁ፣ አይጥመኝም። ዳቦ በሻይ እበላለሁ፣ አይጥመኝም። ሰላም ይዛኝ ሄዳ ሐኪሙ መረመረኝና «ምላስዎም ደህና ነው፣ ሆድዎም ደህና ነው» ብሎ ቪታሚን አዘዘልኝ። ቪታሚኑም አልጣመኝም።

ነጠላዬን ደርቤ ወረድኩ። ከድጃ የስልጤ ልጅ ናት፤ ከብሎካችን ሥር አትክልትና ፍራፍሬ ትሸጣለች፣ ስትሠራ አፏም እጇም አያርፍም። ስባሪውን እየጠረገች ቀና አለችና «እትዬ ተዋቡ! ሽታው ረበሸዎ አይደል? ይቅርታ፣ ዛሬ ሰይጣን ነው የያዘኝ» አለችኝ።

«አልረበሸኝም» አልኳት። «ሰላጣ አለሽ?»

መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች። ዓመት ሙሉ ከሷ የገዛሁት ሽንኩርትና ቲማቲም ብቻ ነው። «ሰላጣ? ሰላጣማ የጋሼ ማርቆስ ነበር» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ምንም አልሆንኩም። ምንም ያለመሆን ለምዶብኛል። ሁለት ትልልቅ ሰላጣ፣ ሁለት ካሮት፣ ብርቱካን፣ አንድ የበሰለ አቮካዶ፣ ሎሚ መረጠችልኝ። ከዚያ አንድ ሣጥን ከፈተችና «አፕሉን ይዩት እስቲ፤ የጨንቻ ነው፣ ዛሬ ጠዋት የገባ» አለችኝ። ፖም እያለን ነው እኛ ያደግነው፤ አሁን አፕል ሆኗል። ዋጋውን ነገረችኝ፤ እንዲያም ሆኖ አንድ ገዛሁ። በዚያ ዋጋ ድሮ የየካ ሚካኤልን ቁልቁለት ሙሉ ሰላጣ ከነሻጮቹ መግዛት ይቻል ነበር።

ያን ጊዜ የምንኖረው እዚያ ነበር፣ ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በታች፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ የሚጀምርበት ቦታ። ከወንዙ ዳር አትክልት የሚተክሉ ሰዎች ነበሩ፤ ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ሰላጣና ቆስጣ በጆንያ ዘርግተው ጥጉ ላይ ይቀመጣሉ። በስሙኒ እቅፍ ሙሉ ነው፤ ስሙኒ ከሌለህም ነገ ትሰጣለህ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች በፊታቸው ሲያልፉ መንገዱ ሁሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይላል። ወንዶቹ ደግሞ ታቹ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ሱሪ ለብሰው የሰፈሩን አቧራ እየጠረጉ ይሄዳሉ፤ ጸጉራቸው አፍሮ፣ ሸሚዛቸው ቴትሮን፣ ኪሳቸው ባዶ። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ሶሉ የጡብ ያህል የሚወፍር ጫማ ነበረኝ፤ ኮረኮንቹ ላይ በዚያ ጫማ እንዴት እንዳልተሰበርኩ ዛሬ ይገርመኛል፤ አሁን በሲሚንቶ ደረጃ በሸራ ጫማ እየወረድኩ እንኳ ግድግዳ እይዛለሁ።

ማርቆስን ያወቅሁት ማመልከቻ ላስጽፍ ብሎ ሲመጣ ነው። ጥፍሩ ንጹሕ ነው፣ እጁ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። የሐኪም ረዳት መስሎኝ «የሥራ ዓይነት?» ብዬ ስጠይቀው ቀስ ብሎ «ምግብ አብሳይ» አለኝ። የፈረንጆች ማረፊያ ቤት ውስጥ ነበር የሚሠራው። ሳቅሁበት። በዚያ ዘመን ወንድ ምድጃ ሥር ተገኘ ከተባለ ያልሳቀ ሰው አልነበረም። እሱ ግን አልተቆጣም፤ «ስትጨርሺ አንብቢልኝ፣ ፊደል እንዳይሳሳት» ብቻ አለኝ። እናቴ ላገባው እንደሆነ ስትሰማ ሦስት ነገር አነሳች፦ ወንድ ሆኖ ማጀት ይገባል፣ የጨንቻ ሰው ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጴንጤ ነው። ለዕድርተኞቿ ሦስቱንም አልተናገረችም፤ «ጸሐፊ ነው» አለቻቸው። እስክትሞት ድረስ ጸሐፊ እንደሆነ ቀረ።

ከተጋባን በመጀመሪያው እሑድ ማርቆስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ሰላጣ፣ ሁለት ብርቱካን፣ ከአገሩ ሰው የተላኩለት አራት ትንንሽ ፖሞች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ለምሳ ይሁነን» አለኝ፤ ወዲያው አንድ የታመመ ሰው ለመጠየቅ ጠርተውት ወጣ። እንግዲህ እኔ ነገሩን ላሳምር አልኩ፣ አዲስ ሙሽራ ነኝ። በእናቴ ቤት ቅጠል የተባለ ሁሉ ይቀቀላል። ሰላጣ ሲሸጥ ዕድሜ ልኬን አይቻለሁ፣ ሲበላ ግን አላየሁም፤ ገዢዎቹ ሆቴሎችና የሀብታም ቤት ሠራተኞች ነበሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን የሚለቀምም አላስተረፍኩም። ሰላጣውን እንደ ጎመን አድቅቄ ከተፍኩት። ቡታጋዙ ላይ ሽንኩርት አቁላላሁ፣ በቀበሌ ካርድ ያገኘነውን ዘይት ጨመርኩ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨመርኩ፣ ሰላጣውን ገለበጥኩበት። ያ ሁሉ ቅጠል ሟሽሾ ሟሽሾ እፍኝ የማትሞላ ጥቁር ነገር ሆነ፣ ውሃው ብቻ በዛ። ወጡ አነሰ ብዬ ደነገጥኩ። ፖሙን ደግሞ ምን እንደማደርገው ስላላወቅሁ ልጬ፣ እንደ ድንች ቆራርጬ፣ ከተትኩበት።

ማርቆስ መጣ። አየ። የማዕዱ ጸሎት ያን ቀን ከወትሮው ረዘም አለ። ከዚያ በእንጀራ ይበላ ጀመር። አጠገቡ ቆሜ «እንዴት ነው?» አልኩት። «ደህና ነው» አለኝ። ሳህኑን ጠርጎ በላና ቀና ብሎ «ጨምሪልኝ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ድስቱን ሙልጭ አድርጌ ገለበጥኩለት፤ ለኔ አልተረፈም፣ ብርቱካን በልቼ ዋልኩ።

በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ሰላጣ ይዞ መጣና «ዛሬ አንቺ አረፍ በይ» አለኝ። በሩን ዘጋ፣ መጋረጃውን ሳበ። በዚያ ዘመን የኛ ጉባኤ በየሰው ቤት፣ በር ተዘግቶ፣ በሹክሹክታ ነበር የሚዘመረው። እኛ ቤት መዝሙርም ሰላጣም በር ተዘግቶ ሆነ። የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰበሰበ። ቅጠሉን አንድ በአንድ ገነጠለ፣ የእያንዳንዱን ሥር በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ አፈሩን አስለቀቀ። በሳፋ ውሃ ላይ ሁለት ማንኪያ አቼቶ ጠብ አደረገና ዘፈዘፈው። እስኪደርስ ብርቱካኑን ላጠ፤ ልጣጩን ብቻ አይደለም፣ ነጩን ገለባም፣ ስስ ቆዳውንም ገፎ ሥጋው ብቻ ቀረ። ፖሙን በስሱ እየቆረጠ ሎሚ ውስጥ ነከረ፣ እንዳይጠቁር። ካሮቱን ፈቀፈቀ። ከዚያ ቅጠሉን አውጥቶ በንጹሕ ፎጣ ቋጠረና ክፍሉ መሐል ቆሞ አሽከረከረው፤ ውሃው ግድግዳውን፣ አልጋውን፣ እኔንም ረጨ። «ቅጠሉ እርጥብ ከሆነ ዘይት አይቀበልም» አለኝ። በቢላ አልነካውም፤ በእጁ ቀደደው። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ዘይት ከጨው በኋላ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳይ ያለፈው እሑድ ገባኝ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። እሱ ስላለፈው እሑድ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ፣ ዓመት ዓመትን ወለደ። አርባ ምናምን ዓመት ስንኖር ያንን ድስት አንድ ቀን አላነሳነውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የእሑድ ሰላጣ የሱ ሆነ፤ እኔ በሕይወቴ አንድም ጊዜ ሠርቼ አላውቅም።

የተዘጋ በር ወሬ አይከለክልም። ቧንቧው የጋራ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው። ዘይት በካርድ በሚገኝበት ዘመን ዘይትን ሳያቁላላ ጥሬ ቅጠል ላይ የሚያፈስ ሰው እንዳለ ግቢው ሁሉ ሰማ። እናቴ መጥታ በገዛ ዓይኗ አየችና «ልጄን ለፍየል ዳርኳት?» አለች፤ ማርቆስም ሳቀና ብርቱካኑን መርጦ አጎረሳት። የኛ ቤት «የሣር በላዎቹ ቤት» ተባለ። ጥቂት ዓመት አልፎ ጾም ሲገባ እነዚያው ጎረቤቶች በመስኮት «ማርቆስ፣ ያችን ሣርህን እስቲ ትንሽ» ይሉት ጀመር። ጎመን በጤና እያለ በየሳህናቸው ይሰጣቸዋል። እናቴ እንኳ በኋላ በኋላ ለጾም ትጠይቀው ነበር፤ «ያ ጸሐፊ የሚሠራውን» እያለች።

ከምሳ በኋላ፣ ዝናብ ከሌለ፣ በሚካኤል ጀርባ ባለው የእግር መንገድ ወደ እንጦጦ እንወጣለን። እሱ የተረፈ ብርቱካን በኪሱ ይይዛል። እንጨት የተሸከመች ሴት ዳገቱ ላይ ስታርፍ ሸክሟን ደግፎ ያስነሳታል፣ አንድ ብርቱካን ይሰጣታል። ከታች ከየቡና ቤቱ ስለ ዓይንና ስለ ወገብ የሚዘፈነው ዘፈን በነፋስ ይመጣል፤ እኔ ግጥሙን ሁሉ አውቀው ነበር፣ እሱ ደግሞ በዜማው ላይ የመዝሙር ቃል ያስገባበታል። እስቃለሁ። ባሕር ዛፉ ሥር ቁጭ ብለን ከተማውን እናይ ነበር፤ ከተማውም ያን ጊዜ በአንድ እይታ ይታይ ነበር። መስከረም ላይ ሰላም እዚያው ይዛኝ ወጥታ ነበር፣ «ንፋስ ትቀበያለሽ» ብላ። አሁን የታጠረ፣ የተነጠፈ፣ ያማረ ነው፤ ወጣቶቹ ጆሯቸው ላይ ሽቦ ሰክተው ይሮጣሉ። ሰላም «ደስ አላለሽም?» አለችኝ። «ብሏል» አልኳት። ምንም አላለኝም።

የሰፈራችን ቤቶች ሲፈርሱ ዕጣ ወጣልንና ወደ የካ አባዶ መጣን። መጀመሪያ ሰሞን ከተማ ገብቶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ማርቆስ ግን ሰላጣውን ከድሮው ጥግ ካልሆነ አልገዛም ብሎ ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ይሄድ ነበር። ረዳቱ «አባዶ! አባዶ!» ሲል ሰላጣውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ይሳፈራል። ከድጃ ሱቅ ከከፈተች በኋላ ነው ያ ጉዞ የቀረለት። እሑድ በአዲሱ ወጥ ቤት እጅጌውን ይሰበስባል፣ ፎጣውን በረንዳ ላይ ያሽከረክራል፣ ታች ያለ ሰው ዝናብ መስሎት ቀና ይላል። በሩን ግን መዝጋት ትቶ ነበር።

ከዚያ ታመመ። ሕመሙን አልዘረዝርም። ሐኪሙ ደሙ ደክሟል፣ ጥሬ ነገር እንዳይበላ፣ ሁሉ ተቀቅሎ ይሁን አለ። እኔ ታይፒስት ነኝ፣ የተጻፈልኝን አልስትም። መድኃኒቱን በሰዓቱ፣ ሾርባውን በሰዓቱ። አንድ እሑድ ከሰዓት በፊት ከትራሱ ቀና ብሎ «ተዋቡ፣ ዛሬ ሰላጣ አማረኝ» አለኝ።

«ሐኪሙ ጥሬ አይሆንም ብሏል» አልኩት፣ ኪኒን እየቆጠርኩ።

«እንግዲያው ቀቅይልኛ» አለኝ።

«ሰላጣ ደግሞ ይቀቀላል እንዴ? አንተ ይህን አጥተህ ነው?» አልኩት። ተቆጥቼ ነው የተናገርኩት፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ። እሱ ግን ዓይኑን ከኔ አላነሳም፤ የሆነ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብሎ ያየኝ ነበር። ትንሽ ቆየና ወደ ግድግዳው ዞረ። ለሰላም «አባትሽ መቀባዠር ጀምሯል» ብዬ ነገርኳት። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሞተ።

አላለቀስኩም። ቀብር ላይም አላለቀስኩም፣ ድንኳን ውስጥም። ጎረቤቶች «ጴንጤ ሲሞትበት አያለቅስም፣ እምነታቸው ነው» ብለው እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ፤ እኔም እምነቴ ነው ብዬ ተውኩት። እምነቴ አልነበረም። የቸርቻችን ሰዎች ቆመው ሲዘምሩ እንባቸው ይወርድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሄዶ ከሰላም ጋር ሳህን እያጠብን ሳለን ልጄ ውሃውን ዘጋችና «ማሚ፣ ግን አባዬን ትወጂው ነበር?» አለችኝ። ዓይኗ አብጧል። «ተይ እንጂ» ብዬ ውሃውን ከፈትኩት። ያ ነው መልሴ። ዓመት ሙሉ ሁልጊዜ ትደውላለች፤ መድኃኒት ወሰድሽ ወይ፣ በላሽ ወይ፣ መብራት አለ ወይ ትለኛለች። ያንን ግን ደግማ አልጠየቀችኝም። ያልጠየቀችው መልሱን ያወቀች ስለመሰላት ነው።

ዛሬ እንግዲህ የገዛሁትን ተሸክሜ ወጣሁ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ቅጠሉን አንድ በአንድ ገነጠልኩ፣ ሥሩን በአውራ ጣቴ አሸሁ፣ አቼቶ ጠብ አድርጌ ዘፈዘፍኩ። ሠርቼ አላውቅም፤ እጄ ግን ሁሉን ያውቀዋል፣ አርባ ዓመት ከአልጋው ጫፍ ሲያይ ኖሯል። ብርቱካኑን ገፈፍኩ። ካሮቱን ፈቀፈቅሁ። ፎጣውን በረንዳ ላይ ወጥቼ አሽከረከርኩ፤ ክንዴ ደከመ። ቀደድኩ፣ አቮካዶውን በማንኪያ ጣል ጣል አደረግሁ፣ ጨው፣ ከዚያ ዘይት። ሳህኑ ልክ የሱ ሳህን ይመስላል። አንድ ጉርሻ ቀመስኩ። ምንም። የራሰ ወረቀት። ሹካውን አስቀምጬ ቆምኩ። ሰላም ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ትሄዳለች፤ እኔም ጋደም እላለሁ ብዬ አሰብኩ።

ፖሙን ረስቼው ነበር። ልጬ ጨረስኩና ሎሚ ውስጥ ልነክረው በስሱ ልቆርጥ ስል፣ እጄ በስሱ አልቆረጠም። እንደ ድንች ቆረጠ። ሁለት ሦስት ወፋፍራም ቁራጭ መክተፊያው ላይ ተኝቶ አየሁት። ያን ጊዜ «እንግዲያው ቀቅይልኛ» የሚለው ድምፁ መጣብኝ። ቢላውን አስቀመጥኩ። ሰውየው አልቀባዠረም ነበር። ያንን ድስት አርባ ዓመት ሙሉ በሆዱ ይዞት ኖሮ፣ ጊዜው ማለቁን ሲያውቅ አወጣልኝ፤ አብሬው እንድስቅ ነበር የሚጠብቀው። እኔ ኪኒን እቆጥር ነበር።

ሁለተኛውን ሰላጣ አወጣሁ። አድቅቄ ከተፍኩት። ሽንኩርት አቁላላሁ፣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ። ሰላጣውን ገለበጥኩበት፣ ፖሙን ከተትኩበት። ሟሽሾ ጠቆረ፣ ውሃው በዛ። ዛሬ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር ስቀምሰው፤ ያን ዕለት ለኔ አልተረፈም። በቁሜ፣ ከድስቱ በሹካ አፈፍ አድርጌ ጎረስኩ።

መረረኝ። ያንሸራትታል፣ ሣር ሣር ይላል፣ ፖሙ ደግሞ መሐል ላይ ይጣፍጣል፣ ያም የባሰ ነው። በዓመት ውስጥ አንድ ነገር ጣዕም ሲኖረው ይህ የመጀመሪያው ነው፣ ያውም እንዲህ ያለ ክፉ ጣዕም። ደግሜ ጎረስኩ። በሩ ሲከፈት አልሰማሁም።

«ማሚ፣ ምንድነው የሚሸተው?» ሰላም ቦርሳዋን እንደያዘች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። «ማሚ! ምን ሆንሽ? እያለቀስሽ ነው?»

ፊቴን ዳሰስኩ። እርጥብ ነው። «አይጥምም» አልኳት።

«ምኑ?» ሹካውን ከእጄ ወስዳ ቀመሰች። ፊቷን አጨማደደች። «ውይ በጌታ! ሰላጣ ነው? ማነው ሰላጣ የሚቀቅለው? ይሄ ደግሞ አፕል ነው እንዴ? ሰው እንዴት ይህን ይበላል?»

«አባትሽ በላው» አልኳት። «አንድ ሳህን ሙሉ በልቶ ጨምሪልኝ አለኝ።»